«በቃ» ማለት የማያሳፍርበት ቤት

በረዳት አሰልጣኝነት ሥራ የጀመርኩት ነቀምቴ ውስጥ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው አሰልጣኙ የሚለው አይሰማም ነበር። ስለዚህ ከሰኔ ጀምሮ ትእዛዝ የሚሰጠው በእጅ ምልክት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ማስተር ደቻሳ ተማሪዎቹን እንደየቀበቷቸው አሰለፏቸው። ጥቁሩ ከፊት፣ ቀዩና ሰማያዊው ከኋላው፣ ነጩ ከግድግዳው ሥር። እኔን ከጎናቸው አቆሙኝና «ከዛሬ ጀምሮ ይታይሽን ‹ሳቦም› ትሏታላችሁ። እኔ በሌለሁበት እሷ ማለት እኔ ነኝ» አሉ። ሳቦም በቴኳንዶ ቤት አሰልጣኝ ማለት ነው። ከዚያ «ለሳቦም፣ ሰላምታ!» ብለው ሲጮኹ ሰልፉ እጁን ከጭኑ አጣብቆ ጎንበስ አለ።

አንድ ሰው ብቻ እንደቆመ ቀረ። ገመቹ ይባላል። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ቁመተ ረጅም፣ በእግሩ ፈጣን የሆነ ጎረምሳ ነው። በዚያው ሳምንት ቀይ ቀበቶ አስሮ ወደ ፊት ተሸጋግሮ ነበር።

ሴት ስለሆንኩ ነው ብዬ አሰብኩ። አዳራሹ ሁሉ እንደዚያው ሳያስብ አልቀረም። ማስተር ቀስ ብለው ሄደው ፊቱ ቆሙ።

«ለምን?» አሉት።

«ማስተር፣ እኔ ለሰው አልሰግድም። ለእርስዎም ጎንብሼ አላውቅም። ከኋላ ስቆም አያዩኝም ነበር። አሁን ፊት አመጡኝ።»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቁን ዋጠ። ማስተር በሩን አሳዩት። ገመቹ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በባዶ እግሩ ጠጠሩን ረግጦ ወጣ።

በማግስቱ አባቱ መጡ። ኦቦ ታደሰ፣ በአማርኛው አቶ ታደሰ፣ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ። «አካም ቡልተኒ» እያሉ፣ እንደምን አደራችሁ ለማለት፣ ከበሩ ጀምረው ሁላችንንም ጨበጡ። ልጃቸው ልሆን የምችለውን እኔን እንኳ የጨበጡኝ ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው ነው።

«ማስተር፣ ልጄ ባለጌ ከሆነ እኔው እቀጣዋለሁ» አሉ። «ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው የማይነሳ ልጅ ግን የለኝም። ስግደት ለፈጣሪ ነው ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ኦቦ ታደሰ፣ ይሄ ስግደት አይደለም። ሰላምታ ነው።»

«ለእርስዎ ሰላምታ ነው። ለእሱ ግን ስግደት ነው። ሌላ ሰላምታ የለንም እንዴ?»

 በዚያ ቤት ረዳት ሳይጠየቅ አይናገርም። እኔ ግን ከአፌ አመለጠኝ። «ማስተር፣ ኦቦ ታደሰ አሁን እኛን እንደጨበጡን ቢጨብጥስ?»

ማስተር ወደ እኔ ዞሩ። «ይጨብጥ። ግን ወገቡ ቀጥ፣ ዓይኑ ዓይኔ ላይ» አሉ። ገመቹ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መጎንበስ የሚሻ ይጎነብሳል፣ መጨበጥ የሚሻ በሁለት እጁ ይጨብጣል። አዳራሹም አልፈረሰም። ማስተር ደቻሳ ድንጋይ ናቸው ይባል ነበር። እኔ በዚያ ቀን ድንጋዩ እንደሚንቀሳቀስ አየሁ።

የቤቱን ሥርዓት ላላየው ሰው ልንገር። ጫማ በር ላይ ወልቆ፣ አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሮ ይደረደራል። ያረፈደ ሰው በሩ ላይ ቆሞ «ማስተር፣ ልግባ?» ይላል፤ እስኪፈቀድለት እዚያው ይቆያል። ቀበቶ መሬት አይነካም። ላብ የሚጠረገው፣ የተፈታ ቀበቶ የሚታሰረው ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። ዝቅተኛ ቀበቶ ከፍተኛውን ጥያቄ አይጠይቅም። ማንም ማስተርን «ለምን?» አይልም። ከፍልሚያ ምንጣፍ ላይ ማስተር ሳይፈቅዱ መውጣት የለም።

ይህን ሁሉ ለማጣጣል አይደለም የምጽፈው። ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ለማስተር ደቻሳ በአደራ ይሰጡ የነበረው በዚሁ ሥርዓት ምክንያት ነው። በዚያ ቤት ስድብ ሰምቼ አላውቅም። ማስተር የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ሥራ ከመግባታቸው በፊት ማለዳ ወደ አዳራሹ ይመጣሉ፤ ታመው እንኳ አይቀሩም። እኔ ከኪራሙ፣ ከወሎ ሰፋሪ ቤተሰብ፣ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ልማር ነቀምቴ ስመጣ በከተማው ውስጥ ስሜን ጠርተው ከሰልፍ ያስገቡኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። አማርኛዬ የወሎ፣ ኦሮምኛዬ የገበያ ነበር። ሰልፉ ውስጥ ግን ማን ከየት መጣ የሚል አልነበረም። ቀበቶ ብቻ ነው የሚታየው።

ችግሩን ያየሁት በቀበቶ ፈተና ቀን ነው።

ሙና የጋሽ ሸምሱ ልጅ ናት። ጋሽ ሸምሱ የጉራጌ ነጋዴ፣ በገበያው አጠገብ ባለሱቅ ናቸው። ሙና ከሰማያዊ ወደ ቀይ ቀበቶ ለማለፍ ነበር የምትፈተነው። የፍልሚያው ክፍል ሲደርስ የገጠማት የጥቁር ቀበቶ ዕጩ ነው። በዙር የእግር ምት ጆሮዋ ላይ አገኛት። የራስ መከላከያው ዞሮ ዓይኗ ላይ ወደቀ። አስተካከለችው፣ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች፣ የመከላከል አቋሟንም ያዘች።

አቋሙ ትክክል ነበር። የያዘችው ግን ግድግዳውን ፊት ለፊት አድርጋ ነው። ተጋጣሚዋ ከጎኗ ቆሟል።

እኔ የነጥብ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። እንደ ደንቡ እጄን አነሳሁ። የማስተር ዓይን ወደ እኔ አልዞረም። «ማስተር!» ብዬ ጮኼ ወንበሬን ገፍትሬ ወደ ምንጣፉ ገባሁ። ልይዛት እጄን ስዘረጋ ሁለተኛው ምት ቀደመኝ።

ሆስፒታል ሄድን። ሌሊቱን አስታወከች። ሐኪሙ አንጎሏ ተናውጧል፣ ዕረፍት ያስፈልጋታል አለ። ተረፈች፤ ግን ለሳምንታት ብርሃን ማየት አልቻለችም፤ ትምህርቷም ተስተጓጎለ።

ጋሽ ሸምሱ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ አስቆሙኝ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይቀለኝ ነበር።

«እኔ ልጄን ጠየቅኋት» አሉ። «‹ሙና፣ ዞሮብሽ ከነበረ ለምን በቃኝ አላልሽም?› ብዬ። ‹አባ፣ ማስተር ፊት እንደዚያ አይባልም› አለችኝ። ስሚ ይታይሽ፣ ልጄን የላክሁት ክብር እንድትማር ነው። ለማስተሩ የምትሰጠውን ክብር ተማረች፤ ደግ። ለእሷ የሚገባውንስ ማን ይስጣት?»

ማስተር በበኩላቸው ቢሮ ጠሩኝ። «ያየሽው ትክክል ነበር» አሉ። «አገባብሽ ግን ሥርዓት የለውም። ተማሪ ፊት ጮኸሽብኛል።»

«ማስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ተማሪው ራሱ ‹በቃኝ› ማለት እንዲችል ይፈቀድ። ‹በቃ› ሲል ፍልሚያው ይቁም።»

«አይሆንም። ተማሪ ‹በቃ› ካለ ነገ ትንሽ በደከመው ቁጥር ‹በቃ› ይላል። ፍልሚያ የሚያቆመው ማስተር ነው።»

«ማስተር ካላየስ?»

«ማስተር ያያል» አሉና መነጽራቸውን አደረጉ። ወሬው እዚያ ላይ አበቃ።

ለእኔ ግን አላበቃም። የወሩ ግምገማ በመጣ ቁጥር ያንኑ ጥያቄ በአክብሮት አነሳሁ፤ በመጣ ቁጥር ያንኑ መልስ አገኘሁ። ልተው የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ አያውቅም። ኦቦ ታደሰ ድንጋዩን በአንድ ጠዋት ካንቀሳቀሱት እኔም ብዙ ጠዋት አለኝ አልኩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአውቶቡስ መናኸሪያው በላይ፣ አንድ ሕንፃ ፎቅ ላይ ጂም ተከፈተ። ኪክ ቦክሲንግና ትግል የሚሰጥበት ነው። ባለቤቱ ናትናኤል የከተማችን ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ሰልጥኖ፣ ተወዳድሮ ተመለሰ። ገመቹ በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዱ እሱ ነው። ሴቶችን የሚያሰለጥንና ምት የሚያስተምር ሰው ሲፈለግ ስሜን የሰጠውም እሱ ነው።

ማስተርን ፈቃድ ጠየቅሁ። «ሂጂ» አሉ። «ቀበቶሽን ግን እዚያ እንዳታስሪ።» አላሰርኩም። ጠዋት መጋዘኑ፣ ከሥራ መውጫ በኋላ ጂሙ ሆነ ሥራዬ።

ጂሙ ውስጥ የመጀመሪያ ቀን ስገባ በሩ ላይ ጫማ ተዘርግፏል፤ አንዱ የግራ፣ አንዱ የቀኝ። ሙዚቃው መስኮቱን ያንቀጠቅጣል። ቆሜ የሚቀበለኝ ጠበቅሁ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ገመዱ ላይ እግሩን ሰቅሎ የተጋደመ አንድ ልጅ «አንቺ፣ ያንን ጓንት አቀብዪኝ» አለኝ። አቀበልኩት። ልምምዱ ሲጀመር አሰልጣኙ እኔ መሆኔን አወቀ።

ናትናኤል ሳቀ። «እዚህ ‹እርስዎ› የለም ኮች። ቡጢ ‹እርስዎ› አይልም።»

ሳምንት ሙሉ ውስጤ ተቆጣ። ቆይቼ ግን መጋዘኑ ውስጥ የሌለ ነገር እዚያ አየሁ። ጀማሪው አሰልጣኙን «ለምን እንዲህ ይደረጋል?» ብሎ ይጠይቃል፤ አሰልጣኙም ያስረዳል። ናትናኤል ራሱ ሲሳሳት «ተሳስቻለሁ፣ ከመጀመሪያ እናድርገው» ይላል። ከፍልሚያ በፊት ጓንት ለጓንት ያጋጫሉ። ምቱ ከታሰበው በላይ የጠነከረበት ሰው ወዲያው «ይቅርታ፣ ደህና ነህ?» ይላል። ትግል ላይ ደግሞ የተያዘ ሰው በመዳፉ ምንጣፉን ወይም የያዘውን ሰው መታ መታ ካደረገ ተሸንፌያለሁ፣ ልቀቀኝ ማለት ነው። ወዲያው ይለቀቃል። እኔ ስጠይቅ የቆየሁት ሥርዓት ይኸው ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አገኘሁት።

ነገር ግን ስልክ ነበር። እያንዳንዱ ፍልሚያ ይቀረጻል። ምንጣፍ መትቶ የተለቀቀ ሰው ቪዲዮው ላይ የሕፃን ለቅሶ ድምፅ ይጨመርበትና ለከተማው ሁሉ ይለቀቃል።

ቶሌራ የብየዳ ሠራተኛ ነው። ከኑኑ ቁምባ መጥቶ ነቀምቴ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራል። ዝምተኛ ነው፤ እጁ ግን ጠንካራ ነው። ትግል በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን ታንቆ ምንጣፉን መታ። ቪዲዮው ወጣ። በማግስቱ ሲመጣ ልጆቹ የሕፃን ለቅሶ እያስመሰሉ ተቀበሉት። አብሯቸው ሳቀ።

ናትናኤልን ለብቻው አነጋገርኩት። «ይሄ ቪዲዮ ይቅር» አልኩት።

«ኮች፣ ጨዋታ ነው። ሰው የሚያመጣልኝም ቪዲዮው ነው። ያልጠነከረ እዚህ ምን ይሠራል?»

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቶሌራ ከገመቹ ጋር ሊታገል ምንጣፉ ላይ ወጣ። እኔ በአዳራሹ ሌላ ጫፍ ለሴቶቹ ምት የሚለማመዱበትን ፓድ ይዤላቸው ነበር። ገመቹ ክንዱን ይዞ ወደ ኋላ አጠፈው። ዙሪያውን ስልኮች ተዘርግተዋል። ቶሌራ ፊቱ ጠቆረ፤ መዳፉ ከምንጣፉ በላይ ተነሣ፤ ስልኮቹን አየ፤ መልሶ ጨበጠው። ከዚያ ክንዱ ቀጭ ሲል በሙዚቃው መሃል እንኳ ተሰማ።

ገመቹ ለቆት ወደ ኋላ ተንፏቀቀ። «አልመታም!» ይላል ደጋግሞ። «ቢመታ እለቀው ነበር! አልመታም!»

ሙዚቃውን ማንም አላጠፋውም። ሄጄ ሶኬቱን ነቀልኩት። የቶሌራን ክንድ በሁለት የካርቶን ቁራጭና በገመድ ደግፌ ወደ ሆስፒታል ይዘነው ወረድን። ክርኑ ወልቋል፣ ጅማቱም ተበጥሷል።

በማግስቱ ናትናኤልን ጂሙ ውስጥ አገኘሁት። ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ሙና የምትባል ልጅ ነበረች» አልኩትና ስለ እሷ ነገርኩት። «እሷ አክብራ ዝም አለች። ቶሌራ አፍሮ ዝም አለ። እኔ በማስተርም በአንተም ዘንድ እሠራለሁ፤ ሁለታችሁም ዘንድ የተጎዳው ዝም ያለ ሰው ነው። ስልኩ ካልቀረ እኔ ነገ አልመጣም።»

 ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮዎቹን አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረ።

ገመቹ ደግሞ ወደ አባቱ ሄደ። ኦቦ ታደሰ በአገሩ ወግ መሠረት ሽማግሌ ተይዞ ወደ ቶሌራ ቤተሰብ መሄድ አለበት አሉ። የበደለ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ይቅርታ አይልም። ከዚያ ያላሰብኩትን ተናገሩ። «ማስተር ደቻሳም ይምጡ። ልጁን እጁን እንዲሰነዝር ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።»

ማስተር ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ስነግራቸው ኮታቸውን ከሚስማሩ ላይ አነሱ። «መቼ ነው?» ብቻ ነበር ያሉት።

ሚኒባስ ተሳፍረን ኑኑ ቁምባ ሄድን። ማስተር ደቻሳ፣ ኦቦ ታደሰ፣ ገመቹ፣ ናትናኤልና እኔ። ማስተርና ናትናኤል ተነጋግረው አያውቁም ነበር። ጎን ለጎን ተቀምጠው እስክንደርስ ድረስ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። የቶሌራ ቤት አጥር ጋ ስንደርስ ናትናኤል ኮፍያውን አወለቀና ኪሱ ከተተው።

ግቡ እስክንባል ደጅ ቆምን። ቶሌራ ክንዱን በጄሶ አስሮ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። እናቱ አዴ (ወይዘሮ) በቀለች ናቸው። አባትየው ስላረፉ አጎቱ ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ኦቦ ታደሰ በምርቃትና በሰላምታ ጀመሩ። ከዚያ ገመቹ ተነሣ።

«የጎዳሁት እኔ ነኝ» አለ። «ሌላ ሰው የለም።» ከዚህ በላይ መናገር አልቻለም።

አዴ በቀለች በኦሮምኛ ተናገሩ። ያሉት ይህ ነው፤ «አንተን አይደለም የምጠይቀው ልጄ፣ ተቀመጥ። ይሄ ቶሌራ እዚህ ቤት ውስጥ እሾህ ሲወጋው እንኳ ጎረቤት እስኪሰማ ይጮሃል። ክንዱ እስኪወልቅ ዝም ያለው እናንተ ዘንድ ነው። ማን ነው ዝም ያሰኘው? ትልቆቹ ንገሩኝ።»

ዓይናቸውን ከማስተር ወደ ናትናኤል፣ ከናትናኤል ወደ ማስተር አዟዟሩ። ማስተር ራሳቸውን አቀረቀሩ። ናትናኤል እጁን አንስቶ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ፈቃድ ጠየቀ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ» አለ። «እርስዎን ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሚሳቅበት ቤት የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ቶሌራ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «የወርክሾፑ ሰዎች ሁሉ አይተውት ነበር» አለ። «ቪዲዮውን። ሁለተኛ ከሚያዩብኝ ይሰበር አልኩ። ብረት የምይዘው ግን በዚህ እጅ ነው።»

አዴ በቀለች እያለቀሱ ተነሥተው እንጀራ አቀረቡ። ቅረቡ ስንባል በላን። እርቁ የወረደው በዚያ ነው። ሕክምናውን ጂሙ እንደሚሸፍን፣ እስኪድን ገመቹ ከሥራው መልስ ወርክሾፕ ገብቶ በቶሌራ ቦታ ብረት እንዲያነሳ ተስማማን።

በመልስ ጉዞ ማስተር ከእኔ ጎን ተቀመጡ። ነቀምቴ ስንቃረብ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይታይሽ፣ የሸምሱ ልጅ ያን ቀን ግድግዳውን ፊት አድርጋ ቆማ ነበር» አሉ።

«አዎ፣ ማስተር።»

«አይቻት ነበር። ወደ ራሷ ትመለሳለች፣ ትጠነክራለች ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ነገ ጠዋት ናትናኤልንና ገመቹን ይዘሽልኝ ነይ» አሉ።

በማግስቱ ሰልፉ ሙሉ ነበር። ናትናኤል ጫማውን አውልቆ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ አስቀመጠ። እኔ አልነገርኩትም፤ የሌሎቹን አይቶ ነው። ማስተር ምንጣፉ መሃል ተቀመጡና ገመቹን ጠሩት።

«ቶሌራን የያዝከውን አያያዝ ያዘኝ።»

«ማስተር፣ ይቅርብኝ።»

«ያዝ።»

ገመቹ ክንዳቸውን ያዘ።  «ጨምር» አሉት። ጨመረ። «ጨምር።» ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ።  ማስተር ደቻሳ ስድስተኛ ዳን፣ በጥቁር ቀበቶ ስድስተኛ ማዕረግ፣ ናቸው፤ በዚያ ቤት አንድም ተማሪ ሲያማቸው አይቶ አያውቅም። ጥርሳቸውን ነክሰው ቆዩ። ገመቹ ዓይኑን ጨፍኗል፤ እኔ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄድኩ። ያን ጊዜ በደንብ የሚሰማ ድምፅ አውጥተው፦

«በቃ!» አሉ።

ገመቹ ለቀቃቸው። አዳራሹ ውስጥ ማጨብጨብ ይገባ እንደሆነ፣ መጎንበስ ይገባ እንደሆነ ያወቀ አልነበረም። ማስተር ተነሡ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቀበቷቸውን አጥብቀው አሰሩ፤ ወደ ሰልፉ ተመለሱ።

«አመመኝ፤ በቃ አልኩ፤ ለቀቀኝ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ‹በቃ› ያለ፣ ወይም በኦሮምኛ ‹ገኤ› ያለ፣ ይለቀቃል። ማስተር እስኪያይ አይጠበቅም። የሳቀበት ሰው ቀበቶውን አስረክቦ ይወጣል። ይታይሽ፣ ልምምዱን ቀጥይ።»

ቀጠልኩ። በዚያ ቀን ሁሉንም ተማሪ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ከምት በፊት «በቃ» ማለትን አለማመድኳቸው። ቀላል ይመስላል። ብዙዎቹ ጮክ ብለው መናገር አልቻሉም። አንዳንዱ አፉን ይዞ ያንሾካሽካል። ድምፃቸው እስኪወጣ ብዙ ሳምንት ፈጀብን።

ጂሙ ውስጥ ነገሩ ይበልጥ ከበደ። ስልኮች በር ላይ ባለ ቅርጫት ውስጥ እንዲቀመጡ ተደረገ። የተወሰኑ ልጆች ተቆጥተው ቀሩ። በአንደኛው ሳምንት አንድ ጀማሪ ምንጣፍ ሲመታ ከጥግ የለመደው የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ያስመሰለው የናትናኤል የአጎት ልጅ ነበር። ሁላችንም ናትናኤልን አየነው። «ልብስህን ቀይር። ዛሬ ልምምድ የለህም» አለው። የአጎቱ ልጅ ሊስቅ ሞከረ፤ ናትናኤል አልሳቀም። ልጁ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጥቶ፣ ያን ጀማሪ በሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀው።

ለሙና ቤት ድረስ ሄጄ ደንቡ መለወጡን ነገርኳት። አሁን ሱቅ ውስጥ አባቷን ታግዛለች። «ጥሩ ነው ሳቦም፤ ሌሎቹ ይዳኑበት። እኔ ግን አልመለስም» አለችኝ። አልተከራከርኳትም። ያ አዳራሽ ስንት ሰው እንዳጣ እሷን ሳይ አውቃለሁ።

የቶሌራ ክንድ ዳነ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይዘረጋም። ብየዳውን ይሠራል። ትግል ተወ። ሳምንት ውስጥ አንዳንድ ቀን ጂም መጥቶ ለጀማሪዎች ፓድ ይይዛል። ገመቹ አሁን ረዳት አሰልጣኝ ነው፤ አንድን ሰው ሲይዝ ፊቱን እንጂ ክንዱን አያይም።

ማስተር ደቻሳ ጡረታ ወጥተዋል። አዳራሹን የምመራው እኔ ነኝ። ናትናኤል አሁንም ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል፤ እኔም አሁንም ዝቅ አደርገዋለሁ።

አዲስ አሰልጣኝ ሥራ ሲጀምር የምነግረው አንድ ነገር ነው። ተማሪህ ጎንበስ ይበልህ፣ በሁለት እጁ ይጨብጥህ፣ ወይም «አንተ» ይበልህ፤ የቤቱ ልማድ ነው፤ ተከተል። «በቃ» ሲልህ ግን ወዲያው አቁም፤ ማንም እንዲስቅበት አትፍቀድ። ይህን የማትችል ከሆነ ሌላ ሥራ ፈልግ።